ጣቴ ከተቃና በኋላ

ስለ ልብ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ካንሰር ሕመማቸው የጻፉ ሰዎች አሉ፤ ተገቢም ነው። ስለ እግር ጣቱ የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የእኔ ሕመም ገዳይ አልነበረም። ሆኖም አጥንቴ ተቆርጦ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣውን ጊዜ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ተቸግሬያለሁ። እንደኔ ያለ እግር ይዞ ሐኪም ቤት በር ላይ የሚያመነታ ሰው ካለ፣ የሆነውን እንደሆነው ልንገረው።

ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ያኔ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት አሰልጣኝ ነበርኩ። አሰልጣኝ ከሰልጣኙ በስተቀኝ ይቀመጣል፤ እግሩ ሥር ለእሱ ብቻ የተገጠመ ሁለተኛ ፍሬን አለ። ለማጅ ሲደነግጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚረግጠው ነዳጅ መስጫውን ነው። በዚያች ቅጽበት መኪናዋን የሚያቆማት የአሰልጣኙ እግር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እግሬ ለእኔ ከመራመጃም በላይ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ወደ ጎረቤቱ ማዘንበል የጀመረው ሳላገባ ነው። ጣቱ ወደ ውስጥ ባዘነበለ ቁጥር ሥሩ ላይ ያለው አጥንት ወደ ውጭ እየወጣ ሄደ። ሐኪሞቹ «ቡንየን» ይሉታል። እኛ ቤት ስም አልነበረውም፤ እናቴም እግሯ እንዲሁ ስለነበረ ዘመዶቻችን «የእናቷን እግር ወሰደች» ብለው ያልፉት ነበር። እናቴ ቡታጅራ ክፍት ጫማ አድርጋ ኖራ ሞተች። አመመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሽፍን ጫማ ውስጥ ነበርኩ።

መጀመሪያ ማታ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ብቻ ያቃጥለኝ ነበር። ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎ ገና ከቤት ስወጣ። የጫማዬ ጎን አጥንቱን ተከትሎ እንደ ጉንጭ ተነፋ። ጫማ ሰፊው በእንጨት ፎርማ ወጥሮ ሲያሰፋልኝ ለጥቂት ሳምንታት ይሻለኝና ተመልሶ ያው ይሆናል። በመጨረሻ በባሌ በሸምሱ ጫማ መሥራት ጀመርኩ። ሸምሱ ባምቢስ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ዝምተኛ ሰው ነው። ጫማውን አድርጌ ስወጣ አይቶ ያልፋል።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ሐኪሙ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ እግሬን አየና ሪህ ነው አለኝ። ሪህ ደም ውስጥ ያለ አሲድ መገጣጠሚያ ላይ ሲጠራቀም የሚመጣ ሕመም ነው፤ እሱም አውራ ጣት ሥር መቀመጥ ይወዳል። ሥጋ ተከለከልኩ፣ ክኒን ተሰጠኝ። የዚያን ዓመት አረፋ ሸምሱ በግ አርዶ እኔ ጎመን በላሁ። ቆይቶ ደሜ ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም። አሲድ የለብሽም ያለኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ የምሥራች የነገረኝ መስሎት ፈገግ አለ። እኔ የታየኝ ግን ሳልበላ ያለፈኝ ሥጋ ብቻ ነበር።

ከዚያ የሸምሱ አክስት ቄራ አካባቢ ወዳለ ወጌሻ ወሰደችኝ። ሰውየው በቅቤ አሽቶ ጣቴን ወደ ቦታው ሳበውና በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። ፈትቼ ሳየው ጠቁሮ አብጦ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ በነጠላ ጫማ ብቻ ሄድኩ። ወጌሻ አትሂዱ ማለቴ አይደለም፤ የወለቀ ይመልሳሉ ይባላል። የእኔ ግን አልወለቀም፤ ጠምሞ ያደገ አጥንት ነው፤ በእጅ አይመለስም። ቀጥሎ አንድ የግል ክሊኒክ መገጣጠሚያው ላይ መርፌ ወጋኝ። ያ ረዳኝ፤ ተኛሁ፤ ሠራሁ፤ ዳንኩ ብዬ ለሰው አወራሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሕመሙ እንዳልሄደ፣ ወጣ ብሎ እንደተመለሰ ገባኝ።

በመጨረሻ የአጥንት ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ዳሌያቸው የተሰበረ እናቶች፣ በሞተር ሳይክል ተገጭተው እግራቸው በጄሶ የተጠቀለለ ወጣቶች ተደርድረዋል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት የልጃቸውን የጀርባ አጥንት ነገር ዘርዝረው ከነገሩኝ በኋላ ወደኔ ዞሩ። አንቺስ ምንሽን ነው ሲሉኝ ጣቴን ነው አልኳቸው። እግሬን ጎንበስ ብለው አዩና እግዚአብሔር ይማርሽ አሉኝ፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ወሬውን ለሌላ ሰው አዛወሩት። አልተቀየምኳቸውም። እኔም ራሴ በነዚያ ሰዎች መሃል ተራ መያዜ አሳፍሮኝ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት፣ እጁ ንጹሕ ሰው ነበር። ራጁን መብራት ላይ ሰክቶ በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳየ አስረዳኝ። «አጥንቱን እዚህ ጋ ቆርጠን እንገፋውና በብሎን እናስረዋለን» አለ።

«ከዚያ በኋላ አያመኝም?»

«ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ጫማ ያደርጋሉ» አለኝ።

አያምዎትም ያለኝ መሰለኝ። የጠየቅኩትን እንዳልመለሰልኝ ያስተዋልኩት በጣም ቆይቼ ነው።

ሸምሱ አልተስማማም። በእግርሽ እየሄድሽ ለምን ትቆረጫለሽ የሚለውን ነገር በየምክንያቱ ያነሳል፤ እኔ እየሄድኩ እንዳልሆነ፣ እያነከስኩ እንደሆነ እነግረዋለሁ። ለብዙ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳንነጋገር ቆየን። የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ግን ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ፣ ከግድግዳው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ተናገረ።

«አጎቴ ስኳር ነበረበት» አለ። «መጀመሪያ የቆረጡት ጣቱን ነበር። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱን። ቀጥሎ ጉልበቱን። ይዤው የምመላለሰው እኔ ነበርኩ።»

«እኔ እኮ ስኳር የለብኝም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ማወቄ አልጠቀመኝም።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ግትርነት ይመስለኝ የነበረው ፍርሃት ነበር። ሌላ ነገር ለመነጋገር ጊዜ አልነበረንም፤ ስሜ ተጠራ።

ማደንዘዣውን ጀርባዬ ላይ ወጉኝ። ከወገቤ በታች ያለው አካል የሌላ ሰው ሆነ። ደረቴ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ጋረዱብኝ፤ አላይም፣ ግን እሰማለሁ። መጋዙ ድምፁ የአናጺ ቤት ነው። በመሃሉ ነርሷና ሐኪሙ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ሰርግ ምግብ ያወሩ ነበር። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ኋላ ግን አጽናናኝ። እየሞትኩ ቢሆን ኖሮ ስለ ክትፎ አያወሩም ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። ማደንዘዣው ሲለቅ እግሬ ውስጥ ሌላ ልብ የተተከለ ይመስል ይመታል። ትራስ ላይ ሰቅዬው ጣሪያ እያየሁ አነጋሁ። የማስታገሻ ክኒን በሰዓቱ መዋጥ እንጂ እስኪብስ መጠበቅ እንደማይገባ ያኔ አላወቅኩም ነበር፤ ጎበዝ ለመባል ታግሼ ተቀጣሁ። ይህን ስሕተት አትድገሙት።

ታናሽ እህቴ ነጂባ ልታስታምመኝ ከቡታጅራ መጣች። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ መጸዳጃው ግቢውን አቋርጦ ከጎረቤት ጋር የምንካፈለው ነው። ክራንች ይዤ በዚያ ድንጋይ ላይ መሻገር ከቀዶ ጥገናው ይልቅ አስፈራኝ። ዝናብ ሲዘንብ ጎረቤቶቼ ሳልጠይቃቸው አሸዋና ገለባ ይበትኑልኝ ነበር። ነጂባ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨብጣ ትከተላለች፤ ብወድቅ ልትይዘኝ እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን። ለቀጠሮ ስሄድ ደግሞ የባቡሩ መስመር የሚሠራበት ጊዜ ስለነበረ ከመስቀል አደባባይ እስከ ለገሃር መንገዱ ተቆፋፍሮ ነበር። ታክሲው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ነጂባ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ታቅፈው ነበር።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ጣቴን አየሁት። ቀጥ ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እግሬ የእናቴን እግር አይመስልም። ነጂባ ጎንበስ ብላ አየችው፤ የራሷም አጥንት መውጣት ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ያን ቀን ምንም አላለችም።

ክራንቹን ጣልኩ፤ ጫማ አደረግኩ። የራሴን፣ የሴት ጫማ። ሐኪሙ ቃሉን ጠብቋል። ሕመሙ ግን አልሄደም፤ ቤት ቀየረ። አጥንቱ ወጥቶበት የነበረው ቦታ ደነዘዘ፤ ብነካው አይሰማኝም፤ ብርድ ልብስ ሲያርፍበት ግን ያቃጥለኛል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ ማስረዳት አልችልም። ከሁለተኛው ጣት ሥር፣ መርገጫው ላይ፣ በፊት ያልነበረ ሕመም መጣ፤ ጠጠር የረገጥኩ እየመሰለኝ ጫማዬን አውልቄ አራግፋለሁ፤ ጠጠር የለም። አውራ ጣቴም ቀጥ እንዳለ ቀረ፤ አይታጠፍም።

ጣት መታጠፍ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ሶላት ሰግዶ አያውቅም ማለት ነው። ሱጁድ ላይ፣ ግንባር መሬት ሲነካ፣ የእግር ጣቶች ታጥፈው መሬቱን ይይዛሉ። የእኔ አልያዘ አለ። መሬት ላይ ተደፍቼ በሕመም ስንቀጠቀጥ የምለው ሁሉ ይጠፋኝ ጀመር። ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ፤ የታመመ ሰው ይፈቀድለታል። ግን የሚሻለኝን ቀን እየጠበቅኩ ስለነበር ወንበሩን ከሶላት በኋላ ወደ ማጀት እመልሰዋለሁ፤ እንዳይለመድ።

ወደ ሥራ ተመለስኩ። አንድ ጠዋት አንዲት የባንክ ሠራተኛ እያለማመድኩ ከመስቀል አደባባይ ወደ ለገሃር ስንወርድ፣ ከባቡሩ ሥራ በኩል አንድ ሰው አሸዋ የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ ሳያይ ገባብን። ሴትየዋ ነዳጅ ረገጠች። እኔ ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ ሄዷል፤ ግን ጣቴ ስለማይታጠፍ፣ ከሥሩም ስላመመኝ፣ ሳላስበው በውጭው ጎኑ ነው የረገጥኩት። መኪናዋ ከጋሪው ጋር ልትሳሳም ምንም ሳይቀራት ቆመች። ሰውየው ቀና ብሎ አየንና መንገዱን ቀጠለ። ሰልጣኟ ያቆመችው እሷ መስሏት ማርሽ ልቀንስ ወይ አለችኝ። ቀንሺ አልኳት። ምንም አልሆነም፤ ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው የለም። ግን እግሬ የዘገየውን ያህል አውቀዋለሁ።

አብሮኝ የሚሠራውን ጋሽ ታደሰን አማከርኩት። ማሰልጠኛው ውስጥ ከሁላችንም የቆየ አሰልጣኝ ነው። በግራሽ ርገጪያ አለኝ። ባዶ ሜዳ ላይ ሞከርኩት። ግራ እግሬ ዕድሜውን ሁሉ የሚያውቀው ፍሪሲዮን ነው፤ ፍሬን ላይ ሲያርፍ ወይ ዳበስ ያደርገዋል ወይ ጨርሶ ይደቁሰዋል። ለማሰልጠኛው ባለቤት ራሴ ነገርኩት፤ መንገድ ላይ አልወጣም፣ ክፍል ውስጥ ቲዎሪ ላስተምር አልኩ። ፈቀደልኝ፤ ደሞዜ ቀነሰ። ምልክት በሥዕል እያሳየሁ ቆሜ ሳስተምር፣ ከመስኮቱ ውጭ መኪናዬን ሌላ ሰው ይዟት ሲወጣ አያለሁ።

ለመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ ዘንድ ስገባ አዲሱን ራጅ እያየ ነበር። ደስ ብሎታል። አጥንቱ በትክክል ገጥሟል፣ ማዕዘኑ ቆንጆ ነው እያለ ከአሮጌው ራጅ ጋር አጎራብቶ አሳየኝ። እውነትም ቆንጆ ነበር።

«ዶክተር፣ ፎቶውን አያመውም» አልኩት። «የሚያመው እኔን ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ለመውረድ ብዙ ወራት እንደሚወስድ ነገረኝ። እኔ ስለ ሱጁድና ስለ ጋሪው ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«ጥቂት ሰዎች አጥንታቸው ተስተካክሎም ሕመሙ አይለቃቸውም» አለ። «ከመቁረጤ በፊት ልነግርዎት ይገባ ነበር። ሰው እንዳይፈራ ብዬ አልናገረውም።»

ያን ቀን ተቆጥቼ መውጣት ይገባኝ ይሆናል። ግን ቀለለኝ። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው እግሬን እያየ እንዴት ያምራል ሲለኝ፣ ሕመሙን የፈጠርኩት እኔ እየመሰለኝ ነበር። ሕመሜ ስም ባይኖረው እንኳ እውነት እንደሆነ ከሐኪም አፍ ሰማሁ። ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ፤ ቀደም ብሎ ሊልከኝ ይገባ እንደነበርም አልደበቀኝም።

ፊዚዮቴራፒስቷ እጇ የማይራራ ሴት ነበረች። ጣቴን ይዛ ታጥፈዋለች፤ ስጮህ ትጠብቃለች፤ ደግማ ታጥፈዋለች። ቤት ሄጄ ፎጣ መሬት ላይ ዘርግቼ በእግር ጣቶቼ እንድሰበስብ፣ ብይ ከመሬት እያነሳሁ ሳህን ውስጥ እንድከት አዘዘችኝ። ሸምሱ ብዩን ገዝቶ መጣ። ማታ ማታ ከሱቅ ሲመለስ ፊት ለፊቴ ይቀመጥና በራሱ እግር ያነሳል፤ እሱ ከእኔ የባሰ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ካኮረፍን ወዲህ አብረን የሳቅነው ያኔ ነው። ሁለተኛው ጣት ሥር ለሚያመኝ ደግሞ መሃሉ ለስላሳ የሆነ ሶል ተሠራልኝ፤ በየጫማዬ አዛውረዋለሁ።

ለውጡ በቀን አይታይም። አንድ ጁምዓ ወንበሩን ሳላወጣ ሰገድኩ፤ ጣቴ በግማሽ ታጠፈ፤ አመመኝ፣ ግን ዱዓዬን አልረሳሁም። ቆይቶ ጋሽ ታደሰ ባዶ ሜዳ ላይ በአሰልጣኝ ወንበር አስቀመጠኝና እሱ እየነዳ ድንገት ቁሚ ይለኛል፤ እኔ እረግጣለሁ። ለቅቄ ሳልጨርስ ደግሞ ቁሚ ይለኛል። ደጋግሞ ሞከረኝና የመኪናዬን ቁልፍ አምጥቶ ሰጠኝ። ዛሬ መንገድ ላይ የምወጣው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት እግሬ ስለሚደክም ቲዎሪ አስተምራለሁ። በብርድ ቀን ያመኛል። ረጅም ቁልቁለት አልወድም። ሹል ጫማ ሱቅ ውስጥ አይቼ አልፋለሁ።

ነጂባ ያኔ ያላለችውን ያለችው ልታገባ ስትታጭ ነው። ደወለችልኝና እኔም ልቆረጥ ነው አለች። ያንቺ እግር እኮ ያምራል፣ ሂና ስቀባ ሁሉ ሰው እግሬን ሊያየው ነው፣ በቃ ከሰርጉ በፊት ይለቅልኝ አለች። እኔን በክራንች ግቢ ያሻገረችኝ ልጅ ናት። ያየችው ሁሉ በእግሬ ማማር ተሸፍኖባት ነበር። አትሂጂ ብላት እልህ ትያዛለች፤ አውቃታለሁ። ነይና የእኔ ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ አልኳት።

ሐኪሙ እግሯን ወዲያ ወዲህ አገላብጦ አየው። ሲጫነው፣ ስትራመድ፣ ሌሊት፣ ያማት እንደሆነ ጠየቃት።

«አያመኝም» አለች። «ማለቴ፣ አስቀያሚ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው አልቆርጠውም» አለ። ከዚያ የእኔ ዓይነት ሕመም ሊተርፋት እንደሚችል፣ ለማማር ተብሎ የሚያም እግር ማምጣት እንደማይገባ ሳይቸኩል ነገራት። ሲናገር አንዳንዴ ወደኔ ያያል።

በታክሲ ስንመለስ ባምቢስ ስንደርስ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች።

«አንቺስ ጊዜው ቢመለስልሽ ትቆረጪ ነበር?» አለችኝ።

የመለስኩላት ቀስ ብዬ ነው። ያኔ ጫማ ባደረግኩ ቁጥር ያመኝ ነበር፤ አሁን ብዙ ቀን አያመኝም፣ የሚያመኝ ቀን ግን ጫማ ባወልቅም አይተወኝም። እቆረጥ ነበር፤ ግን ምን እንደሚጠብቀኝ ጠይቄ፣ ባሌን ምን እንደሚያስፈራው ጠይቄ፣ ብዩን ከመጀመሪያው ሳምንት አስገዝቼ። «እኔ ያመኝ ነበር» አልኳት። «አንቺን አያምሽም። ልዩነቱ ይኸው ነው።»

በሰርጓ ዕለት ሰፋ ያለ ክፍት ጫማ አድርጋ፣ ሂናዋን እስከ አጥንቱ አስቀብታ አገባች። አጥንቱ ላይ አበባ ሥለውበት ነበር።

እናታችን ስለሌለች እንግዳ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ከረፋድ ጀምሮ በር ላይ ቆሜ ሰው አስገባለሁ፣ ትሪ አቀብላለሁ፣ ሕፃን አባብላለሁ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሸምሱ በሰው መሃል ተሹለክልኮ ወንበር ይዞልኝ መጣ።

«እግርሽስ?» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ እግር እንዳለኝ አላሰብኩም ነበር። ልክ ሲጠይቀኝ ማመም ጀመረኝ። ወንበሩን ተቀበልኩትና ተቀመጥኩ።